የጭቃ ግድግዳ ብርታትና የዕፀዋት ቃጫ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚሠራው ቤት የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከአዲስ አበባ በሚወጡት የአምቦ፣ የጅማና የጎጃም መንገዶች ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ውሳኔ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። ሦስቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ደጋማ መሬት ላይ ስለሚገኙ የክረምት ዝናባቸው ብዙ፣ የሌሊት ብርዳቸውም ጠንካራ ነው። የዋና ከተማው ሕዝብ እየበዛ በሄደ መጠን ወደነዚህ አካባቢዎች የሚመጣው ነዋሪ በርክቷል፤ ቤት የሚሠራውም ሰው አቅሙ በፈቀደለት ዕቃ ይሠራል።

ይህ ዕቃ ከጥንት ጀምሮ እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና የቤቶች ቆጠራ እንዳሳየው በአገሪቱ ከተሞች፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ የአብዛኛው ቤት ግድግዳ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነበር። በኅብረተሰቡ ጉልበትና ገንዘብ የተሠሩ ብዙ የመማሪያ ክፍሎችም ከዚሁ ዓይነት ናቸው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ግድግዳ በፕላን ሥራ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ጊዜያዊ» እየተባለ ይታለፋል። አንዱ የጭቃ ግድግዳ ሁለትና ሦስት ክረምት ሳያልፍ ሲፈራርስ፣ በዚያው ሰፈር በዚያው አፈር የተሠራ ሌላው ግን ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ ይታያል። ዕቃው አንድ ሆኖ ዕድሜው የሚለያይ ከሆነ ምክንያቱ በዕቃው ስም ሳይሆን በአሠራሩ ውስጥ መፈለግ አለበት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን ከዕፀዋት ቃጫ ጠባይ በመነሣት መግለጽና መምህራን በቀላል መሣሪያ የሚመረምሩበትን ዘዴ ማመልከት ነው። ነገሩን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ ቃጫ በራሱ ብርቱ ነው፤ ብርታቱ ለግድግዳው የሚጠቅመው ግን ጭቃው አጥብቆ ሲይዘውና ከእርጥበት ሲጠበቅ ብቻ ነው።

፩. የቃጫ ጠባይ

ቃጫ የሚለው ቃል በተለምዶ ከእንሰትና ከሲሳል ቅጠል ተፍቆ የሚወጣውን ክር ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ ግን የጤፍ ጭድን፣ የስንዴና የገብስ ገለባን፣ የቀርከሃ ግንድንም የሚያበረታውን ክርማ አካል ሁሉ ይጨምራል። የእነዚህ ሁሉ መሠረት ሴሉሎስ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። የሴሉሎስ ቀጫጭን ክሮች በዕፅዋቱ ርዝመት ተሰልፈው በሊግኒንና በሌሎች አያያዥ ነገሮች ተጣብቀው ይገኛሉ። ከዚህም የተነሣ ቃጫ በርዝመቱ ሲሳብ እጅግ ብርቱ ሲሆን፣ በአግድሙ ሲሰነጠቅ ግን ደካማ ነው። ቀርከሃን በርዝመቱ ጎትቶ መበጠስ የማይችል ሰው በትንሽ ገጀራ ሰንጥቆ ሁለት የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጠባይ የቅርጽ ነው። ጋሊሌዎ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሜካኒክስ መጽሐፉ የስንዴ አገዳ ከራሱ የሚከብደውን ዛላ ተሸክሞ የሚቆመው ውስጡ ባዶ ስለሆነ መሆኑን አስረድቷል። ያው የአገዳው አካል በድፍን ዘንግ መልክ ቢሆን ኖሮ ቀጥኖ በቀላሉ ይጎብጥ ነበር። ቀርከሃም የሚከተለው ይህንኑ ሕግ ነው፤ ከዚህም በላይ ቃጫው በውስጠኛው ገጽ ሳስቶ በውጪው ቆዳ አጠገብ ጠቅጠቅ ብሎ ይገኛል። በሚጎብጥ ዘንግ ላይ ከፍተኛው ኃይል የሚያርፈው በውጪው ገጽ ስለሆነ፣ ቃጫው በሚያስፈልግበት ቦታ ተከማችቷል ማለት ነው።

፪. ብርታትና ግትርነት

በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚቀላቀሉ ሁለት ጠባዮች አሉ። የመሳብ ብርታት ማለት አንድ ዕቃ እስኪበጠስ ድረስ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ስፋት የሚሸከመው ኃይል ነው። ግትርነት ደግሞ ዕቃው በተወሰነ ኃይል ሲሳብ ለመለጠጥ የሚያሳየው እምቢታ ነው። የመለጠጥና የኃይል ተመጣጣኝነት ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ሲሆን በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ይገኛል።

የሲሳል ቃጫ የመሳብ ብርታት እንደ ተክሉ ዕድሜና እንደ ክሩ ውፍረት ቢለያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ሚሊሜትር ከ400 እስከ 700 ኒውተን ይደርሳል። ተራ የግንባታ ብረት 400 ኒውተን አካባቢ ሲደርስ መለጠጥ ይጀምራል። ይህን ንጽጽር ይበልጥ የሚያስደንቀው የክብደቱ ጉዳይ ነው፤ ብረት ከውኃ በ7.85 እጥፍ ሲከብድ፣ ሲሳል የሚከብደው በ1.45 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብርታት በክብደት ሲመዘን ቃጫው ከብረቱ ይልቃል።

በግትርነት በኩል ግን ነገሩ ይገለበጣል። የብረት ግትርነት በካሬ ሚሊሜትር 200,000 ኒውተን ያህል ሲሆን የሲሳል ብዙውን ጊዜ ከ9,000 እስከ 22,000 ኒውተን ነው። በአንድ ዓይነት ጭነት ሥር ቃጫው ከብረቱ ከ9 እጥፍ በላይ ይለጠጣል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የዕፀዋት ቃጫ በፎቅ ምሰሶ ውስጥ የአርማታ ብረትን ሊተካ አይችልም። ትክክለኛው ቦታው ጭነቱ አነስተኛ ሆኖ መሰንጠቅ ዋናው ችግር በሆነበት በግድግዳ፣ በልስንና በጡብ ውስጥ ነው።

፫. ጭድ በጭቃ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

በሦስቱ ከተሞች የተለመደው አሠራር የሚከተለው ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተራ በተራ ይተከሉና በውስጥና በውጪ ማገር ይመታባቸዋል። አፈር ከጤፍ ጭድና ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ በእግር ይረገጣል፤ ለብዙ ቀናት እየተገላበጠና ውኃ እየተጨመረበት ይቆያል። ከዚያም በማገሩ መካከል ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጠቅ ሁለተኛው ይደረብበታል፤ በመጨረሻም በደቀቀ ጭድ የቦካ ስስ ጭቃ ይለሰናል።

በዚህ አሠራር ውስጥ የቤቱን ጣሪያ የሚሸከሙት ቋሚዎቹ ናቸው። ጭቃው ቋሚዎቹን አያይዞ ከንፋስና ከብርድ የሚከልል አካል ነው። ጭቃ ሲጨመቅ ጥሩ ተሸካሚ ቢሆንም ሲሳብ ግን ወዲያውኑ ይሰነጠቃል። መሳቡን የሚያመጣው ደግሞ ራሱ መድረቁ ነው። በአፈሩ ውስጥ የነበረው ውኃ ሲተን ጭቃው ይኮማተራል፤ ማገሩና ቋሚው ግን አብረውት አይኮማተሩም። ስለዚህ ጭቃው በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ተይዞ እንደሚሳብ ሆኖ ይሰነጠቃል። በሱሉልታና በሰበታ ሜዳዎች የሚገኘው ጥቁር ኮትቻ አፈር ከቀዩ አፈር ይበልጥ ስለሚኮማተር ችግሩ በእርሱ ላይ ይብሳል።

ጭዱ መኮማተሩን ፈጽሞ አያስቀርም። ሥራው ስንጥቁን መከፋፈል ነው። አንድ ስንጥቅ መከፈት ሲጀምር በመካከሉ የተጋደሙት ጭዶች ሁለቱን ወገን ይዘው ስለሚያቆዩት ኃይሉ ወደ ሌላ ቦታ ይተላለፋል፤ በመሆኑም እጅ በሚያስገባ አንድ ስንጥቅ ፈንታ ዓይን የማያየው ብዙ ቀጫጭን ስንጥቅ ይፈጠራል። ዝናብ በሰፊው ስንጥቅ ይገባል፤ በቀጭኑ ግን ለመግባት ይቸገራል።

የዚህን አሠራር ቁልፍ ነጥብ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ክር የመሳብ ብርታቱ በካሬ ሚሊሜትር 400 ኒውተን ነው እንበል። የክሩ ቁራጭ ስፋት 0.0314 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ ክሩን ለመበጠስ 12.6 ኒውተን ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህም 1.3 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ከማንጠልጠል ጋር ይተካከላል። ደረቁ ጭቃ ክሩን በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ገጽ በ0.5 ኒውተን ይዞታል ቢባል፣ አንድ ሚሊሜትር የክር ርዝመት የሚይዘው ኃይል 0.314 ኒውተን ይሆናል። 12.6 ለ0.314 ሲካፈል 40 ይመጣል። ይኸውም ክሩ ብርታቱን በሙሉ እንዲሰጥ በስንጥቁ በሁለቱም ወገን ቢያንስ 40 ሚሊሜትር ያህል መቀበር አለበት ማለት ነው። ከዚህ ካጠረ ሳይበጠስ ተመዝዞ ይወጣል።

ከዚህ ስሌት ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የክሩ ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ የሚያስፈልገው ርዝመትም በግማሽ ቀንሶ 20 ሚሊሜትር ይሆናል። ቀጭንና ለስላሳ የሆነው የጤፍ ጭድ ከወፍራሙና ገጹ ሰም መሰል ከሆነው የስንዴ ገለባ ይልቅ ለምርጊት የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛ፣ ጭቃውን ደጋግሞ መርገጥና ለቀናት ማቆየት ተራ ልማድ ሳይሆን ጭዱ እንዲለሰልስ፣ እንዲበተንና ጭቃው በእያንዳንዱ ጭድ ዙሪያ እንዲጣበቅ የሚያደርግ ሥራ ነው። በችኮላ የተቀላቀለ ጭድ ተቋጥሮ ስለሚቀር በግድግዳው ውስጥ ባዶ ቦታ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጭድ ሲበዛ ጥቅሙ እየጨመረ አይሄድም፤ ከልክ ሲያልፍ ጭድ ከጭድ እየተነካካ የሚይዘው ጭቃ ያጣል፣ ግድግዳውም እየቀለለና እየላላ ይሄዳል።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 5 ላይ ጭድ የተከለከሉት ጡብ ሠሪዎች ታሪክ ለአብዛኛው አንባቢ የታወቀ ነው። ጭድ በጭቃ ሥራ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በናይል ሸለቆም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ እንደነበረ ያመለክታል።

፬. ውኃ፣ የግድግዳው ዋና ጠላት

ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ጭቃው ርሶ የመያዝ ኃይሉ ከ0.5 ወደ 0.1 ኒውተን ቢወርድ፣ 40 ሚሊሜትር የነበረው ርዝመት 200 ሚሊሜትር መሆን ይኖርበታል። ጭዱ ግን ከዚህ እጅግ ያጠረ ነው። ስለዚህ ውኃ ሲገባ ክሩ ሳይበሰብስ፣ ብርታቱም ሳይቀንስ፣ ጭቃው ብቻ ስለለቀቀው ግድግዳው ይፈርሳል። ከፈረሰ የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ያልተበጠሰ ጭድ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እርጥበቱ ከቆየ ሁለተኛው ጥፋት ይከተላል። ሴሉሎስ ውኃን የሚስብ ንጥረ ነገር ነው። በእንጨት ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስካለ ድረስ የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ሊያድጉ አይችሉም፤ ከዚያ ሲያልፍና ሲቆይ ግን መበስበስ ይጀምራል። በደረቅ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ጭድ ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ የሚኖረው፣ የቋሚው እግር ግን ከአፈር በሚገናኝበት ቦታ አስቀድሞ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው።

በሰኔና በመስከረም መካከል ዝናቡ በሚበዛበት በዚህ ደጋ ግድግዳው ከሦስት አቅጣጫ ይጠቃል። ከላይ የጣሪያ ውኃ፣ ከጎን በንፋስ የሚገፋ ዝናብ፣ ከታች ደግሞ ከመሬት ተፈናጥሮ የሚረጨውና በአፈር ውስጥ ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት ይመጣበታል። መፍትሔዎቹ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው፦ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ወደ ውጪ በደንብ የወጣ ክፍክፍ፣ በቤቱ ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ከክረምት በኋላም በየዓመቱ የሚደረግ የልስን እድሳት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ጭድ በመጨመር ማካካስ አይቻልም።

በሲሚንቶ መለሰን ግን ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነና ከጭቃው ጋር እኩል ስለማይንቀሳቀስ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃም ተመልሶ ለመትነን ስለሚቸገር ከልስኑ ጀርባ ተደብቆ ጭቃውንና እንጨቱን ይጎዳል። ከውጪ ያማረ ግድግዳ በድንገት ልስኑ ተገንጥሎ ሲወድቅ የሚታየው አንዳንዴ በዚህ ሳቢያ ነው።

ቃጫን ከሲሚንቶ ጋር ራሱን መቀላቀልም ጥንቃቄ ይሻል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ አገሮች ሲሳልን በሲሚንቶ ውስጥ በመጨመር ርካሽ የጣሪያ ክዳን ለመሥራት ተሞክሮ ነበር። ክዳኑ በመጀመሪያ ብርቱ ቢሆንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሰባሪ እየሆነ ተገኘ። በስዊድን አገር በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ በሲሚንቶው ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ኃይለኛ አልካላይ የቃጫውን አያያዥ ንጥረ ነገር ያሟሟዋል። በጭቃ ውስጥ ይህን ያህል አልካላይ ስለሌለ ቃጫው ከዚህ አደጋ ነጻ ነው። ለድሃ ቤት ብቻ እንደሚሆን ተደርጎ የሚታየው ጭቃ ለቃጫ ከሲሚንቶ የተሻለ ማደሪያ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

፭. የአቅርቦት ጉዳይ

ለፕላን አውጪዎች ከብርታቱ ያላነሰ ጥያቄ ጭዱ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው። ሱሉልታ በድርቆሽና በወተት ላም እርባታ የታወቀ አካባቢ ሲሆን፣ በሰበታና በቡራዩም ላም የሚያረባ ብዙ ነው። ለግድግዳ የሚውል እያንዳንዱ ሸክም ጭድ ከአንዲት ላም ግርግም የተቀነሰ ነው።

መጠኑን ለመገመት፣ ዙሪያው 30 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአንድ መማሪያ ክፍል ግድግዳ፣ በርና መስኮት ሳይቀነስ፣ 13.5 ሜትር ኩብ ጭቃ ይፈልጋል። ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ ልቅ ጭድ ይጨመራል ቢባል 4.5 ሜትር ኩብ ያህል ጭድ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ይህን ያህል ጭድ በክረምት መግቢያ፣ መኖ በሚወደድበት ወቅት፣ መፈለግ ወጪን ያበዛል። ከመኸር በኋላ፣ ጤፍ ተወቅቶ ጭዱ በተትረፈረፈበት ጊዜ መግዛት ዋጋን ከማቃለሉም በላይ ሥራውን በበጋ ለማጠናቀቅና ግድግዳው ከዝናቡ በፊት እንዲደርቅ ጊዜ ይሰጣል።

አማራጮችም አሉ። በደቡብና በጉራጌ አገር ቆጮ ሲፋቅ የሚወጣው የእንሰት ቃጫ ረጅምና ብርቱ ሲሆን ለገመድና ለጆንያ ሲያገለግል ኖሯል፤ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እየተቆረጠ በልስን ውስጥ ቢገባ ጥቂቱ ብዙ ጭድ ሊተካ ስለሚችል ሊመረመር ይገባል። በእንጅባራና በሀገረ ሰላም አካባቢ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ተሰንጥቆ ለማገር ያገለግላል። አገሪቱ ከአፍሪካ የቀርከሃ ደን እጅግ ሰፊው ድርሻ ያላት እንደመሆኗ ይህ ሀብት ተገቢው አያያዝ ከተደረገለት የባሕር ዛፍን ጫና ሊያቀል ይችላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩትም ከጀርመኑ የቫይማር ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከተጨመቀ ገለባ በተሠራ ሰሌዳ የሙከራ ቤት አሠርቷል፤ ይህም የዕፀዋት ቃጫ የትናንት ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

፮. በትምህርት ቤት የሚደረግ ምርመራ

የሚከተሉትን ሦስት ሙከራዎች በማንኛውም ትምህርት ቤት ማካሄድ ይቻላል።

ሀ) የመኮማተር ሙከራ። ርዝመቱ 60፣ ጎኑና ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ውስጡ ዘይት ተቀብቶ ጭቃ ይሞላበታል። በጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ ምን ያህል እንዳጠረ ይለካል። 3 ሴንቲ ሜትር ካጠረ መኮማተሩ 5 በመቶ ነው። ቀይ አፈርን፣ ኮትቻንና የሁለቱን ድብልቅ ማወዳደር ለግድግዳ የሚስማማውን አፈር ለመምረጥ ይረዳል።

ለ) የመጉበጥ ሙከራ። ጎናቸው 4 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ የጭቃ ዘንጎች ያለ ጭድ፣ በመጠነኛ ጭድና በብዙ ጭድ ይሠራሉ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አምስት ያስፈልጋል። የደረቀው ዘንግ 30 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል፤ ከመካከሉ ቆርቆሮ ይንጠለጠልና እስኪሰበር አሸዋ ይጨመርበታል። የተንጠለጠለው ኃይል በርቀቱና በ3 ተባዝቶ፣ ለወርዱ፣ ለቁመቱ ካሬና ለ2 ብዜት ሲካፈል የመጉበጥ ብርታቱ ይገኛል። ለምሳሌ በ100 ኒውተን የተሰበረ ዘንግ ብርታቱ በካሬ ሚሊሜትር 0.7 ኒውተን ይሆናል። ተማሪዎች ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አሰባበሩንም ይመዝግቡ፤ ጭድ የሌለበት በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ሲወድቅ፣ ጭድ ያለበት ግን ተሰንጥቆም ተንጠልጥሎ ይቆያል። ልዩነቱ በእጅና በጆሮ ስለሚታወቅ ሙከራው እንደ ሰበታ መርሐ ዕውራን ባሉ ትምህርት ቤቶችም ሊካሄድ ይችላል።

ሐ) የእርጥበት ሙከራ። ከየዓይነቱ አንዳንድ ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ እንደገና ይሰበራል። ውጤቱ ከደረቀው ጋር ሲነጻጸር በአራተኛው ክፍል የተነገረውን ነገር ተማሪው በራሱ እጅ ያረጋግጠዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው የጭቃ ግድግዳ ብርታት የሚመነጨው ከአፈሩ ብቻ ወይም ከጭዱ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱ መያያዝ ነው። መያያዙን የሚፈጥረው በደንብ መርገጥና ማቆየት ሲሆን፣ የሚያፈርሰው ደግሞ ውኃ ነው። ስለሆነም አንድን ግድግዳ «ጊዜያዊ» ወይም «ቋሚ» ብሎ ለመመደብ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ አይበቃም፤ መሠረቱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ክፍክፉ ምን ያህል እንደወጣ፣ መቼ እንደተመረገና ማን እንደሚያድሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለአንድ የጭቃ ትምህርት ቤት በጀት ሲያዝ የልስን እድሳት በየዓመቱ መመደብ፣ ጭዱም በመኸር ወቅት መገዛት ይኖርበታል። መምህራን ደግሞ ሙከራዎቹን በአካባቢያቸው አፈር አካሂደው ውጤቱን ለትምህርት ቤቱ የግንባታ ኮሚቴ ቢያቀርቡ፣ ፊዚክስን ከማስተማራቸውም በላይ ተማሪዎቻቸው የሚቀመጡበትን ግድግዳ ዕድሜ ያራዝማሉ።